ሦስት ፔዳል ያላት መርሴዲስ

ቅዳሜ ጠዋት፣ የሐይቁ ጉም ገና ሳይገፈፍ፣ ወልዴ ሲጠብቀው በኖረው የእርዳታ እህል መጋዘን ደጃፍ ሞቶ ተገኘ። ከተማው በታጣቂ ሲያዝ ከበሩ ያልተነቃነቀውን ሰው፣ መድፉ ጆሮውን አደንቁሮ ነፍሱን የተወለትን ሰው፣ ጦርነቱ ካለፈ ከወር በኋላ የሙሽራ መኪና ገደለችው። ሞት ወጉ ይህ ነው፤ በፊት በር ሲጠብቁት በጓሮ ይመጣል።

መኪናዋን የማያውቅ የሐይቅ ከተማ ሰው የለም። ነጭ መርሴዲስ ናት፤ ሰዑድ ሐሰን ከአባቱ ወርሷት የአገሩን ሙሽራ ሁሉ ሲያመላልስባት የኖረች። ጋቢውን ተከናንቦ፣ ጀርባውን ለዳገቱ ሰጥቶ ፀሐይ የሚጠብቀውን ወልዴን ከተቀመጠበት አንስታ ጥላ፣ አስፋልቱን አቋርጣ፣ ማዶ ካለው የሽንኩርት ማሳ ቦይ ውስጥ አፍንጫዋን ደፍታ ቆማለች። የሾፌሩ በር ክፍት ነው። ውስጧ ሰው የለም።

ኢንስፔክተር ስህን የደረሰችው ሰው ተሰብስቦ ግማሹ ሲያለቅስ ግማሹ ሲራገም ነው። የአምባሰል ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ቁጥብ፣ ዓይኗ የማያርፍ። አሥራ አንድ ዓመት ፖሊስ ሆና መኪና መሳፈር እንጂ መንዳት አልተማረችም።

"ማን ነበር የሚነዳት?" አለች፣ ደብተሯን ገና ሳትገልጥ።

"እኔ።"

ሰዑድ ቦዩ ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ምርኩዙን ጭኑ ላይ አጋድሞ የመኪናዋን ቁልፍ በመዳፉ ጨብጧል። ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም፤ በየመን በኩል ወደ ሳውዲ ሲሻገር ድንበር ላይ ጥይት በልቶበት፣ ለውጥ መጣ በተባለበት ዓመት በምርኩዝ የተመለሰ ነው።

"እኔ ነድቼ ገጨሁት። ሌላ ሰው አታድክሚ፣ እህቴ። እሰሪኝ።"

"ጠጥተህ ነው?"

"ወላሂ ቀምሼ አላውቅም።"

"ታዲያ እንዴት ገጨኸው?"

"ገጨሁት በቃ!"

ረዳቷ ምክትል ሳጅን ታረቀኝ ካቴናውን እያወጣ፣ "ይኸው አለቀ እኮ፣ ኢንስፔክተር፤ ለቁርስ እንደርሳለን" አለ።

ስህን ግን አልተቀበለችውም። ገዳይ ይሸሻል፣ ይምላል፣ ሰው ላይ ያላክካል። ይህኛው ወንጀሉን እንደ ማዕድ ዘርግቶ "ብሉልኝ" ይላል። ያለ ወጉ የቀረበ ማዕድ ደግሞ ሳይመረምሩ አይበላም።

*

የወልዴ ሚስት ፋና ከመጋዘኑ አጠገብ ሻይ የምትሸጥ ሴት ናት። ባሏ ሲሞት ከሃያ እርምጃ አትርቅም ነበር። አሁን ሴቶች ደግፈዋት ተቀምጣለች፤ እንባዋ አልወጣም፣ ድምፅዋ ብቻ ሻክሮ ቀርቷል።

"ምን አየሽ፣ ፋናዬ?" አለቻት ስህን ቁጢጥ ብላ።

"ምን አያለሁ። ወታደር የጫኑ ኦራሎች ወደ ወልዲያ አለፉ። መሬቱ ራደ፣ ብርጭቆዎቼ ተንጫጩ። እነሱን ሰብስቤ ቀና ስል ወልዴ የለም። መኪናዋ አስፋልቱን ተሻግራለች።"

"ስትመጣ አልሰማሻትም?"

"ኧረ እሱ ነው የገረመኝ! ያቺ መኪና ሞተሯ ሲነሳ እንደ ወፍጮ ቤት ነው፣ የሞተ ትቀሰቅሳለች። ዛሬ ግን እንደ ጅብ፣ ኮቴዋ ሳይሰማ መጣች። ወልዴስ ጆሮው ነው፤ እኔን ምን ደፈነኝ?"

"ሰዑድን ከውስጧ ሲወርድ አየሽው?"

ፋና አሰበች። "ከዳገቱ በምርኩዙ እየዘለለ ሲመጣ ነው ያየሁት። መጥቶ በሩን ከፈተ።"

"ከፍቶ ወረደ ነው ወይስ መጥቶ ከፈተ?"

"መጥቶ ከፈተ። በግሸኗ ማርያም! እኔ ምን አውቃለሁ፣ ዓይኔ ወልዴ ላይ ነበር።"

ስህን ጻፈች። ከዚያ የጻፈችውን አይታ አልገባትም። ሾፌሩ ከኋላ የሚደርስባት መኪና ምን ዓይነት መኪና ናት?

*

የሰዑድ እናት ሙሚና ቤት ስትደርስ ገና ከበር የድንጋይ ድምፅ ሰማች። ጦርነቱ መብራቱን ከወሰደው ጀምሮ ወፍጮ ቤቱ ቆሟል፤ ሴቱ ሁሉ ወደ አያቶቹ የድንጋይ ወፍጮ ተመልሷል። ሙሚና ጉልበታቸው ላይ ተንበርክከው፣ መጁን፣ የላይኛውን የመፍጫ ድንጋይ፣ በሁለት እጃቸው ጨብጠው ስንዴ ይፈጫሉ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ክንዳቸው ግን የጎረምሳ ነው። ፊደል አልቆጠሩም፤ ፊደል የቆጠረ ግን አፋቸው ፊት ቆሞ አያውቅም።

"ግቢ። ጫማሽን አውልቂ። መንግሥት ጫማ ማውለቅ አያውቅም።"

ስህን አወለቀች። "እማ ሙሚና፣ ስለ ሰዑድ..."

"ሰዑድ ሰው አልገደለም። በአንድ እግሩ ቁንጫ አይገድልም።"

"ራሱ ነው ነዳሁ ያለው።"

"አበደ በይው። መኪናዬን ሌባ ነድቷት ነው። ሌባ ሞልቶ! ታጣቂ ሄደ ብለን ሳንተነፍስ ጎረቤት ተተካ። የእናቴን መጅ፣ ይኸውልሽ ይህችን፣ ሰርቀውኝ ሦስት ሳምንት ሙሉ በሰው መጅ ለምኜ ስፈጭ ከረምኩ። አልሐምዱሊላህ አገኘኋት።"

"ማን ወስዶት ነበር?"

"አልናገርም። ሚስቱ አራስ ናት። አርባዋ ሳይወጣ የአራስ ቤት በሌባ ስም አላስጠራም። ካልጠፋ ሰው ምላሴን ያሰረችብኝ እሷ!" አሉና መጁን አንዴ በኃይል ገፉት። "ይህን የምፈጨው ለማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ለወልዴ ሰልስት። ከተማው ሁሉ ሲሸሽ እኔ ከባሌ ከሐሰን ቤት አልወጣም ብዬ ቀረሁ። ከሐይቁ ውሃ በጀሪካን ተሸክሞ ያመጣልኝ ማን ነበር? ወልዴ። ጥይት ሲንጣጣ፣ 'እማ ሙሚና፣ ዛሬ ውሃው ትንሽ ደፍርሷል' ይለኛል፤ የደፈረሰው ውሃው ብቻ ይመስል!"

ድምፃቸው ተሰበረ፤ ወዲያው በቁጣ ጠገኑት።

"ስሚኝ፣ አንቺ ልጅ። ገዳዩን ፈልገሽ አምጪልኝ። ወንድ ይሁን ሴት፣ ሽማግሌ ይሁን፣ አትማሪው። ተሳስቼ ነው ቢልሽ አትስሚው።"

"መኪናዋን ሌላ ሰው ነድቷት ያውቃል?"

"ማን ያስነካዋል! ሐሰን ራሱ እንዳስቀመጣት ናት። ነፍሱ ስትወጣ አንዲት ቡሎን ሰው እንዳይነካባት አስምሎኛል፣ እኔም ልጄን አስምየዋለሁ። የዛሬ መኪና መኪና ነው? ሐሰን የግሸን ተጓዥ ጭኖ ዳገቱ ወገብ ላይ ያቆማትና ይተኛል። ያቺን ማርሽ ወደ ፊት ገፋ ማድረግ ነው፤ መሬት ነክሳ ታድራለች። ንቅንቅ የለ!"

ስህን ወጥታ ጫማዋን ስታጠልቅ የመጁ ድምፅ ተከተላት። የእናት ቃል ማስረጃ አይሆንም። ግን እሳቸውም ከሌሎቹ የባሰ አላደናገሯትም።

*

ታረቀኝ ጎረምሶች አስተባብሮ መርሴዲሷን ከቦዩ ሊያስወጣት መሪው ላይ ወጣ። ወዲያው አንገቱን በመስኮት አወጣ።

"ኢንስፔክተር፣ ይህች መኪና አውቶማቲክ አይደለችም እንዴ?"

"እኔን ትጠይቀኛለህ?"

"ነበረች! በእህቴ ሠርግ ጊዜ አይቻታለሁ። ሁለት ፔዳል ብቻ፣ ነዳጅና ፍሬን፣ ሁለቱም የቀኝ እግር ሥራ። ለዚህ እኮ ነው ሰዑድ የሚነዳት፤ በአገሩ እግር የማትቆጥርበት እሷ ብቻ ናት።" ወደ ታች አመለከተ። "አሁን ሦስት ሆነዋል።"

ስህን አጎነበሰች። ነዳጅ፣ ፍሬን፣ በግራ በኩል ደግሞ ጎማው ያላለቀ አዲስ ፔዳል።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ፍሪሲዮን። ማርሽ ለመቀየር በግራ እግር የሚረገጥ። አንድ ሰው አውቶማቲክ ካምቢዮዋን፣ የማርሽ ሳጥኗን፣ አውርዶ የእጅ ማርሽ ገጥሞላታል።"

"በግራ እግር።"

"በግራ እግር።"

ሁለቱም ወደ ጣቢያው ዞረው አዩ፤ ግራ እግር የሌለው ሰው ነዳሁ ብሎ ወደ ታሰረበት።

*

"ሦስተኛውን ፔዳል በምን ረገጥከው?" አለችው ስህን።

ሰዑድ ምርኩዙን አየ። ከዚያ፣ "በምርኩዜ" አለ።

"በምርኩዝህ?"

"አንድ እጅ መሪ፣ አንድ እጅ ምርኩዝ።"

"ማርሹንስ በጥርስህ?"

ታረቀኝ ሳቁን ዋጠ። ስህን ግን አልሳቀችም፤ መጥረጊያ እንጨት አስመጥታ ታረቀኝን መኪናዋ ላይ አስቀመጠችው። እንጨቱ ከፔዳሉ ሦስቴ ተንሸራተተ፤ በአራተኛው ታረቀኝ አገጩን መሪው ላይ መታ።

"ይቻላል ወይስ አይቻልም?"

"እኔ አልቻልኩም። ልማድ ላለው... አላውቅም፣ ኢንስፔክተር።"

ማንም አያውቅም። ያን ቀን በሐይቅ የሚያውቅ ሰው ጠፍቶ ነበር።

"ማን ነው የቀየራት?" ብላ ሰዑድን መልሳ ጠየቀችው።

"እናቴ እንዳትሰማ" አለ። የሰው ነፍስ አጥፍቻለሁ የሚል ሰው፣ የሚፈራው ካምቢዮ መቀየሩን እናቱ እንዳይሰሙ ነው!

*

በሐይቅ መርሴዲስ የሚፈታ እጅ አንድ ነው። የሀሚዱ ጋራዥ ከመጋዘኑ በላይ፣ ዳገቱ አናት ላይ ነው፤ አጥር የለውም፣ ቆርቆሮ ጥላ አለው። ከጓዳው የሕፃን ለቅሶ ይሰማል።

"እንኳን ማርያም ማረቻት" አለች ስህን።

"አሚን፣ አሚን። ሃያ ቀኗ ነው።" ሀሚዱ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል፤ ጨርቁ ከእጁ ይቆሽሻል።

"መርሴዲሷ እዚህ ነበረች?"

"የለችም። አልመጣችም።"

ስህን መሬቱን እያየች ዞረች። ቁልቁል የሚያየው ጠርዝ ላይ የአራት ጎማ ማረፊያ አለ፤ ዘይት ጠብ ጠብ ብሎበታል። ከፊተኛው ቀኝ ጎማ ፊት አንድ ነገር ብዙ ቀን ተኝቶ የሠራው ጎድጓዳ ተቀርጿል፤ ሞላላ፣ ልስልስ፣ እንደ ትንሽ ዳቦ። ተንበርክካ መዳፏን አስገባችበት። ልክ ሆነላት። ለምን እንደሆነ ሳታውቅ እጇን ቶሎ አወጣች።

"አያ ሀሚዱ፣ መኪና ያልቆመበት ቦታ ጎማ አይበቅልም።"

ሀሚዱ ቁጭ አለ።

"ታጣቂዎቹ ሊገቡ ሲሉ መኪና ሁሉ ይወስዳሉ ተባለ። እኔና ሰዑድ ካምቢዮዋን አወረድንና በጆንያ ጠቅልለን ሐይቁ ዳር ማሳ ውስጥ ቀበርነው። ካምቢዮ የሌላትን ማን ይወስዳታል? አልወሰዷትም። ስንቆፍረው ግን የሐይቁ እርጥበት ገብቶበታል፤ ውስጡ ጭቃና ዝገት ብቻ። አውቶማቲክ ካምቢዮ ምስጢረኛ ነው፤ ጠብታ ውሃ አይችልም። ደሴ ጠየቅን፣ ኮምቦልቻ ጠየቅን፣ የለም። ከተጋጨች መርሴዲስ የእጅ ማርሽ አገኘሁ፣ ገጠምኩላት።"

"ሰዑድ እኮ አይነዳትም እንግዲህ።"

"አልኩት። 'ካሊድ ይነዳታል፣ እኔ ጎኑ እቀመጣለሁ፤ እናቴ ብቻ አትስማ፣ ለአባቴ ምላለታለች' አለ። ለሳቸው ዘይት ልትቀይር ሄደች አልናቸው።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሁለተኛው ቁልፍ ካሊድ ጋ ነው። ከዓርብ ጀምሮ አላየሁትም።"

ካሊድ የሙሚና የወንድም ልጅ ነው፤ ከኳታር የተመለሰ፣ ሁለት ጤነኛ እግር ያለው። ታረቀኝም ትዝ አለው፤ ባለፈው ሳምንት እርዳታ ሲታደል ካሊድ ስሜ ከዝርዝር ወጣ ብሎ ከወልዴ ጋር ተያይዘው ነበር። "አንገትህን እሰብርልሃለሁ" ያለውን መቶ ሰው ሰምቷል።

"ይኸው!" አለ ታረቀኝ።

"ጠዋትም ይኸው ብለህ ነበር" አለች ስህን። ቢሆንም ደስ አላት። ሁለት እግር፣ ቂም፣ ቁልፍ። ሰዑድ የአጎቱን ልጅ ለማዳን ዋሸ። ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ፤ ያቺ ሞላላ ጎድጓዳ ብቻ ቦታ አጣች።

*

እሑድ ውጫሌ ሄዱ። ካሊድን ፍለጋ ብዙ አልደከሙም፤ ከገበያው ጀርባ በጀነሬተር የሚሠራ የአስረስ ብየዳ ቤት ደጃፍ ከረጢት ታቅፎ ተቀምጧል። ፖሊስ ሲያይ ተነሳ፣ መልሶ ተቀመጠ።

"አልሸሸሁም" አለ ሳይጠየቅ። "ፈርቼ ነው። ያን ቃል ለወልዴ ተናግሬዋለሁ። ሞተ ሲሉኝ አፌን ቆርጬ ብጥለው ደስ ባለኝ።"

"ቅዳሜ ጠዋት የት ነበርክ?"

"እዚሁ። ዓርብ ከሰዓት መጣሁ። ሐይቅ መብራት የለም፣ መበየጃ የለም። አስረስን ጠይቂው።"

አስረስ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መጣ። "እዚህ ነው ያደረው፤ ብረት ስንሞርድ አምሽተን ጠዋት አብረን ፉል በልተናል። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ነው የጨረስኩለት።"

"ምኑን?"

ካሊድ ከረጢቱን ፈታ። ውስጡ ክንድ የምታህል የታጠፈች ብረት አለች።

"የማርሽ ዘንግ ናት። ማርሹን ከካምቢዮው የምታገናኝ። ሀሚዱ የገጠማት አጥራ ነበር፣ ላስቀጥላት መጣሁ። እሷ ሳትገባ ማርሹ በእጅሽ ይዞራል እንጂ ካምቢዮው አይሰማውም።"

ታረቀኝ ብረቷን ተቀብሎ አገላበጣት። ፊቱ ቀስ እያለ ተቀየረ። "ኢንስፔክተር... ይህ ከሌለ ያቺን መኪና ማንም አይነዳትም። ሰዑድም፣ ካሊድም፣ እኔም፣ ሁለት እግር ቢኖረኝ፣ አራት ቢኖረኝ።"

"ቅዳሜ ጠዋት ይህች እዚህ ነበረች።"

"እዚህ።"

"ማንም አልነዳትም ማለት ነው።"

ወደ ሐይቅ ሲመለሱ ስህን ያላትን ቆጠረች። ገዳይ የሌለው ሟች አላት፣ ሾፌር የሌላት መኪና አላት፣ ያላደረገውን አደረግሁ የሚል እስረኛ አላት። ድምፅ የለም ያለችው ፋና ብቻ ልክ ነበረች፤ ሞተሯ አልተነሳም። ከላይ ወደ ታች ለመውረድ ደግሞ ሞተር አያስፈልግም።

*

ሰኞ ማለዳ ሀሚዱ ጋራዥ ደረሰች። ሰላምታ አልሰጠችም።

"ዳገት ላይ ምን ይዟት ነበር?"

ሀሚዱ ጨርቁን አጠመዘዘ። "ድንጋይ።"

"የእጅ ፍሬኗስ?"

"ገመዱ ከተበጠሰ ሃያ ዓመቱ። ማን ይፈልገዋል? ካምቢዮዋ ራሱ ይነክስ ነበር፤ ማርሹን ወደ ፊት መግፋት ነው። አሁን ያ ካምቢዮ ወረደ። ዘንጉም የለ፣ ማርሽ አስገብቼ አልተዋት። ድንጋይ ቀረኝ።" ዓይኑ ሞላ። "ቅዳሜ ስነሳ መኪናዋም የለች፣ ድንጋዩም የለ። በራሷ ተንሸራታ ሄደች ብል ማን ያምነኛል? ድንጋዩን በደንብ ስላላስያዝክ ነው ትሉኛላችሁ። አራስ አለችኝ።"

"ድንጋዩን ከየት አመጣኸው?"

"ከእነ ሰዑድ ግቢ። መኪናዋን ገፍተን ስናወጣ እንዳትሸሸን ከፈረሰው ማድቤት ሥር አንድ አነሳሁ። ሸጋ ድንጋይ ነው፤ ሞላላ፣ ልስልስ፣ ለእጅ የሚመች..."

ወንድ ልጅ እንዲህ ነው። ስንት ዓመት እንጀራውን ይበላል፣ መጅን ከድንጋይ አይለይም።

ስህን ግን የአምባሰል ልጅ ናት፤ እናቷ አጠገብ ተንበርክካ መዳፏ እስኪላጥ ፈጭታለች። ቅዳሜ ጎድጓዳው ውስጥ ያስገባችው እጅ ያወቀውን፣ ጭንቅላቷ አሁን ደረሰበት። ጆሮዋ ውስጥ የድንጋይ ድምፅ መጣ። የሙሚና ቃልም ተከተለ፦ ሚስቱ አራስ ናት፤ አልናገርም።

"ምነው፣ ኢንስፔክተር?" አለ ታረቀኝ።

"ምንም" አለች፤ ፊቷን ግን ወደ ጣቢያው አዞረች።

*

ሰዑድ ፊቷን ሲያይ አወቀ።

"እናትህን መንገድ ላይ አገኘሃቸው" አለችው።

ግድግዳውን ተደገፈ። "ሱብሒ ሰግዳ መኪናዋን ልታይ ሄዳ ነበር፤ ዘይት መቀየር ሦስት ሳምንት አይፈጅም ብላ። ስትመለስ ተገናኘን። ሻሿ ውስጥ የያዘችውን አሳየችኝ። 'የእናቴን መጅ ጎማ ሥር ወትፎት አገኘሁ! በሀሚዱ መዶሻ እጀታ መትቼ አወጣሁት' አለችኝ። እየሳቀች። እስክስታ ሊያምራት ትንሽ ነው የቀራት። እኔ በዚህች እግሬ ሮጥኩ። ስደርስ መኪናዋ ቆማለች፤ ጎማዋ የሠራው ጉድጓድ ይዟታል። ድንጋይ ልፈልግ ስል ኦራሎቹ አለፉ። መሬቱ ተንቀጠቀጠ።"

"ጮህክ?"

"ጮህኩ። ጆሮው..." አልጨረሰውም። ከዚያ እጇን ያዘ። "እህቴ፣ በአላህ። እሷ አታውቅም። መኪናዋ እንደ ድሮዋ ራሷን ችላ የምትቆም መስሏት ነው። ያልነገርናት እኛ ነን። ወልዴን እንደ ልጇ ነው የምታየው፤ ብታውቅ አንድ ሳምንት አትቆይም። እኔ አንድ እግር ነው ያለኝ፤ እስር ቤትም ውጭም መቀመጥ ነው። ተዪኝ።"

ስህን እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀች።

"ፋና ባሏን ማን እንደገደለባት ማወቅ አለባት" አለች።

*

ሙሚና የመጨረሻውን ስንዴ ወፍጮው ላይ ከምረዋል። የፈጩት ዱቄት በሁለት ሰፌድ ተከምሯል።

"አገኘሽው?" አሉ ቀና ሳይሉ።

"እማ ሙሚና፣ መጁን ያገኙት ሀሚዱ ግቢ ነው። ከመርሴዲሷ ጎማ ሥር።"

"ካወቅሽ ለምን ታስለፈልፊኛለሽ? አዎ! የእናቴን መጅ እንደ ውዳቂ ድንጋይ። አራሷን አይቼ ነው እንጂ ከተማ ባስጠራሁበት ነበር።"

"ቅዳሜ፣ ከሱብሒ በኋላ።"

"ከሱብሒ በኋላ። መኪናዋ እዚያው ቆማለች፣ ምን ሆነች? የሐሰን መኪና በድንጋይ አትቆም።"

ስህን አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። ቀስ ብላ፣ አንድ በአንድ ነገረቻቸው። የተቀበረውን ካምቢዮ። ዝገቱን። ሦስተኛውን ፔዳል። ልጃቸው የሐሰንን መሐላ ፈርቶ የደበቀውን። ውጫሌ የቀረችውን ዘንግ። ኦራሎቹን።

የሙሚና እጅ መጁ ላይ ቆመ። ከዚያ መጁን ገልብጠው ጀርባውን አዩት። ጥቁር የጎማ ምልክት አለበት፤ በውሃ ቢያሹትም አልለቀቀም።

"ድንጋዩ ነው የያዛት?"

"ድንጋዩ ብቻ።"

"ሰዑድ ያውቃል።"

"ያውቃል።"

"ለዚህ ነው ነዳሁ ያለው። ውሸታም።" መጁን መልሰው አስቀመጡት። "እንደ አባቱ ውሸት አይችልም።"

ከዚያ፣ "አትማሪው ብዬሽ ነበር" አሉ።

"ብለውኛል።"

"ተሳስቼ ነው ቢልሽ አትስሚው ብያለሁ።"

"እማ ሙሚና..."

"ዝም በይ። ቃል አላጥፍም።" ተነሱ፤ ጉልበታቸው ጮኸ። ሰፌዶቹን አዩ። "ይህ ዱቄት እዚሁ ይቅር። በዚህ መጅ የተፈጨ ለወልዴ ሰልስት አይበላም።"

መጁን አጠቡት። ነጠላቸውን አውልቀው ጠቀለሉበት፣ ጫፍና ጫፉን አንገታቸው ላይ አሰሩ። ድንጋዩ ደረታቸው ላይ ሲወርድ ወገባቸው ጎበጠ። ስህን ልትደግፋቸው እጇን ዘረጋች።

"አትንኪኝ። ልጄን አስፈቺ። እኔ የምሄድበትን አውቃለሁ።"

*

በአገሩ ልማድ ደም ያለበት ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ሟች ቤት ይሄዳል፤ የሚያወርድለት ይቅር ያለው የሟች ወገን ነው። ስለዚህ ሙሚና ድንኳኑ ውስጥ ሲገቡ ለቅሶው በአንዴ ቆመ። ለቀስተኞቹ ስለ ልጃቸው ሊለምኑ የመጡ መሰላቸው። አንድ ሽማግሌ፣ "እማ ሙሚና፣ ዛሬ ሰልስት ነው፣ ለሰዑድ ሽምግልናው ሌላ ቀን..." አለ።

"ለሰዑድ አይደለም" አሉ ሙሚና። ድምፃቸው ድንኳኑን ሞላው። "ሰዑድ አልነካውም። እኔ ነኝ። መኪናዋን የያዛትን ድንጋይ ያነሳሁት እኔ ነኝ። መጄን ብዬ። አላውቅም ነበር፤ አለማወቄን ግን ለማንም አልሸጥም። ወልዴ ውሃ ያጠጣኝ ነበር፣ እኔ ገደልኩት። ፋና፣ ይኸው መጣሁ።"

ታረቀኝ በስህን ምልክት ሄዶ ሰዑድን ፈትቶ አምጥቶታል፤ ምርኩዙን ተደግፎ ድንኳኑ አፍ ላይ ቆሟል፤ መግባት አልቻለም።

ፋና ከምንጣፉ ቀና ብላ አየቻቸው። ሦስት ቀን ያልወጣ እንባዋ ዛሬም አልወጣም።

"ከባድ ነው?" አለች።

"ከባድ ነው።"

"ትንሽ ይቆይ።"

ሙሚና ቆሙ። ሽማግሌዎቹ ሊነሱ ብለው ተቀመጡ። ስህን ደብተሯን ኪሷ ውስጥ ከታ ከአሮጊቷ ጀርባ ቆመች፤ ቢወድቁ እይዛቸዋለሁ ብላ። አልወደቁም። ፀሐይዋ በድንኳኑ ቀዳዳ ገብታ ከእግራቸው እስከ ጉልበታቸው ወጣች።

ያኔ ፋና ተነሳች። ቋጠሮውን በራሷ ጣቶች ፈታች፣ ድንጋዩን በሁለት እጇ ተቀብላ አወረደችው። ነጠላውን መለሰችላቸው። መጁን ግን አልመለሰችም፤ አጠገቧ፣ ወልዴ ይቀመጥበት በነበረው በኩል አስቀመጠችው።